ዲኤንኤ በመዳፍ አይነበብም

ላብራቶሪ እንደምሠራ የሚያውቁ የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቼ የሚሉኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የታመመ ሰው ዲኤንኤ ከጤነኛው ይለያል፣ ማሽን ያውቀዋል።»

«የታመመ ሰው ዲኤንኤ ይጠቁራል።» አይጠቁርም። ከጤነኛ ሥጋም ከዕጢም ተጣርቶ ሲወጣ ያው ነጭ ክር ነው።

«ትኩሳት ዲኤንኤን ያቀልጣል።» ሁለቱን ክሮች ለማላቀቅ እኛ እስከ 95 ዲግሪ እናሞቃለን። የ40 ዲግሪ ትኩሳት አያላቅቃቸውም።

«ካንሰር የያዘው ሰው ዲኤንኤው በሙሉ ተበላሽቷል፣ ልጆቹም ይወርሳሉ።» አብዛኛው ካንሰር በዕድሜ ዘመን አንድ ሕዋስ ላይ ከተጠራቀመ ለውጥ ይነሣል። በውርስ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። እባካችሁ የታመመችን እናት «ለልጆችሽ አስተላለፍሽ» አትበሏት።

«መዳፍ ላይ የሚያዘው ማሽን የዲኤንኤን ንዝረት ያነባል።» እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው። የዲኤንኤ ውፍረት 2 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ) ነው፤ የአንድ ሕዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ኒውክለስ በሚባለው የሕዋሱ እምብርት ውስጥ ተጠቅልሎ ይኖራል። ናሙና ሳይወሰድ፣ ሕዋሱ ሳይፈርስ፣ ፕሮቲኑ ሳይወገድ ማን ያገኘዋል? ካወጣነው በኋላ እንኳ በ260 እና በ280 ናኖሜትር ብርሃን ስንለካው፣ በሁለቱ የሚመጠው ብርሃን ጥምርታ 1.8 ገደማ ይመጣል፤ የጤነኛውም 1.8፣ የታማሚውም 1.8። ቁጥሩ የሚነግረን ናሙናው በደንብ መጣራቱን ብቻ ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በብዙ ካንሰሮች የክሮሞሶም (ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ዘንግ) ቁጥር ከ46 ይዛባል፤ ዲኤንኤው ስለሚበዛ ኒውክለሱ ገዝፎ፣ ቀለም ሲነከርም ጠቁሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ደም ውስጥ የሚንሳፈፈው የጤነኛ ሕዋስ ዲኤንኤ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 167 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደል ይረዝማል፤ ከዕጢ የመጣው አጠር ይላል። ይህን ለማየትም ደም መቀዳት አለበት።

ከእኛ ብሎክ አንዲት እናት ጡታቸው ላይ እብጠት ነበራቸው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስለምናቸው «ልጄ፣ ዲኤንኤዬ ንጹሕ ነው ተብያለሁ እኮ» አሉኝ። ማሽኑን የያዘው ልጅ ለመጠበቂያ ብሎ ዱቄት ሸጦላቸዋል። ባዮፕሲ (ሥጋ ቆርጦ መመርመር) ሲሠራላቸው ካንሰሩ ብብታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ስለዚህ እብጠት ያለባችሁ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ። የተቆረጠውን ሥጋ ራሳችሁ ወደ ከተማ እንድታደርሱ ከተሰጣችሁ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ) ውስጥ መሆኑን ጠይቁ፤ በውኃ ወይም በአልኮል አትቀበሉ። ቤት አታቆዩት፤ ፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት የተቀመጠ ሥጋ ዲኤንኤው ስለሚቆራረጥ በኋላ የዘረመል ምርመራ ቢታዘዝላችሁ የሚነበብ ነገር ላይተርፍ ይችላል።