የኃይል መስመር ሴንሰሮችን በንግድ ትርኢት ማሳየት፦ ደሴና ኮምቦልቻ

የኃይል መስመር ሴንሰር በመስመር፣ በትራንስፎርመር ወይም በፋብሪካ ማከፋፈያ ቦርድ ላይ ተገጥሞ ከረንትና ቮልቴጅ እየለካ ውጤቱን በሬዲዮ ወይም በሲም ካርድ የሚልክ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ የማከፋፈያ መስመሩ በአብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ሲሆን ደንበኛው ጋ የሚደርሰው 380 እና 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ እና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሏት ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ ማሳያው ፊት የሚቆመው በብዛት የፈረቃ ኤሌክትሪሽያን ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ማሽኑን ያቆመው ችግር ከውስጥ ነው ወይስ ከመብራት ኃይል?

ሰው በሚተላለፍበት ቦታ 15 ኪሎ ቮልት አይቀርብም፤ አያስፈልግምም። ከረንት በመጠምጠም ይባዛል። 1.1 ኪሎ ዋት የሆነ ማሞቂያ በ220 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ ሽቦው በሴንሰሩ ውስጥ 20 ጊዜ ካለፈ ሴንሰሩ 100 አምፔር ያነባል። የእንጀራ ምጣድ ማቅረብ ጎብኚ ይስባል፣ ነገር ግን 16 አምፔር ገደማ ስለሚወስድ ብዙ ዳሶች ከአንድ ማራዘሚያ በሚካፈሉበት ባዛር ብሬከሩን ጥሎ ጎረቤቶችን ጨለማ ውስጥ ይከታል። በመግቢያው ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር (ከረንት ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ) መኖር አለበት። ከጎኑ ክላምፕ ሜትር (ሽቦን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ይቀመጥ፦ አንዱን ሽቦ ብቻ ከያዘ 5፣ ሃያውንም አንድ ላይ ከያዘ 100 ያሳያል። ሁለቱ መሣሪያዎች በጥቂት አምፔር ቢለያዩ የየትኛው ስህተት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፤ ጎብኚው መጠየቁ አይቀርምና።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ተከፋች ሲቲ (ተከፍቶ በሽቦው ላይ የሚገጠም የከረንት ትራንስፎርመር) በመጋጠሚያው ላይ አቧራ ከገባበት ክፍተት ይፈጠርና ንባቡ ይወርዳል። የሮጎቭስኪ ጥቅል (በሽቦው ዙሪያ የሚታሰር ተጣጣፊ የከረንት መለኪያ) ደግሞ ሽቦው ወደ መጋጠሚያው ሲጠጋ ይሳሳታል፤ ሽቦው መሃል ላይ ይሁን። የሲቲው ቀስት ከተገለበጠ ኃይሉ በመቀነስ (−) ምልክት ይታያል። የአንዱ ፌዝ ከረንት ከሌላው ፌዝ ቮልቴጅ ጋር ከተጣመረም የ120 ዲግሪ ስህተት ገብቶ ፓወር ፋክተሩ (ከተሳበው ኃይል ሥራ የሚሠራው ድርሻ) ትርጉም ያጣል። የተለመደ 5 አምፔር ሁለተኛ ወገን ያለው ሲቲ ከረንት እያለፈበት ጫፉ ከተከፈተ አደገኛ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ከመፈታቱ በፊት ጫፎቹ በአጭር ሽቦ ይገናኙ።

ሻጮች የሚያልፉት ነገር ዝቅተኛ ጭነትን ነው። ራሱን ከመስመሩ ከረንት የሚመግብ ሴንሰር ለመንቃት ጥቂት አምፔሮች ይፈልጋል። 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በ15 ኪሎ ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ እንኳ 12 አምፔር ገደማ ነው የሚወስደው፤ 100 ኪሎ ቮልት አምፔሩ ከ4 አምፔር በታች፣ በ33 ኪሎ ቮልት ደግሞ ከ2 አምፔር በታች። ለሊት ላይ ይህም ይቀንሳል። ስለዚህ 100 አምፔሩ ከታየ በኋላ 19ኙን ዙር አውጥቶ በ5 አምፔር ማሳየት ይገባል፤ ይህን የማያደርግ ሻጭ ከረንቱ ሲያንስ ሴንሰሩን ስለሚይዘው ባትሪ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሌላው ከፍታ ነው። የብዙ መሣሪያዎች የኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክን አግዶ የሚይዝ መከላከያ) ደረጃ የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። በተለመደው የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ስሌት 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ኮምቦልቻ የውጭ ኢንሱሌሽኑ 11 በመቶ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ደሴ 20 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢኖርም የኮምቦልቻው ዝርዝር ለደሴ አይበቃም።

የፋብሪካ ሰው በትክክል የሚያየው ግን የቮልቴጅ መውረድን ነው። በታይመር ለ0.2 ሰከንድ ከ220 ወደ 110 ቮልት የሚወርድ ትራንስፎርመርና አንድ ኮንታክተር (ማሽን የሚያበራና የሚያጠፋ ማግኔታዊ ማብሪያ) ይበቃሉ። ኮንታክተሩ ቀጭ ብሎ ይለቃል፤ የ1 ደቂቃ አማካይ የሚመዘግበው መሣሪያ ግን ከግማሽ ቮልት ያነሰ ለውጥ ነው የሚያሳየው። በየግማሽ ሳይክሉ፣ ማለትም በየ10 ሚሊ ሰከንዱ፣ የሚያሰላው ሴንሰር ክስተቱን ከነርዝመቱ ይይዘዋል። የፈረቃ መዝገብ በኢትዮጵያ ሰዓት ስለሚሞላ የሰዓት አቀማመጡም ይታሰብበት፦ ሴንሰሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት 11:10 ያለው በምሥራቅ አፍሪካ 14:10፣ በመዝገቡ ላይ ከቀኑ 8:10 ነው። ይህ ካልተስተካከለ ማስረጃው ከማሽኑ መቆም ጋር አይገጥምም።

ትርኢቱ ሲጨናነቅ የሞባይል ኔትወርክ ይዘገያል፤ ስለዚህ ስክሪኑ ያለ ኢንተርኔት ከሴንሰሩ በቀጥታ ማንበብ አለበት። መብራት ሲጠፋ ስክሪኑን የሚይዝ ዩፒኤስም ያስፈልጋል። ጄኔሬተር ሲነሳ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ኸርዝ ይዋልላል፤ በቋሚ 50 ላይ የሚያሰላ ሴንሰር ያኔ ንባቡ ይንቀጠቀጣል። በአውሮፕላን የሚመጣ የሊቲየም ባትሪ የዩኤን 38.3 የፍተሻ ወረቀት ይዞ መምጣት አለበት፤ ለማሳያ ብቻ የገባ ዕቃም በጊዜያዊ ማስገቢያ ሥርዓት ይመዘገባል።

ከትርኢቱ በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ነው። ከቆጣሪው ወዲያ፣ በመስመሩ ላይ የሚሰቀለውን የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። እሱም ሴንሰሩ በአይኢሲ 60870-5-104 ወይም በዲኤንፒ3 (የመረጃ መለዋወጫ ደንቦች ናቸው) ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ይነጋገር እንደሆነ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ቦርድ ግን ፋብሪካው ራሱ ይወስንበታል፤ ሙከራም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።