በማይል ትኬት ወደ ጎንደር

የማይል ትኬት መንገደኛ እየበረረ ያጠራቀመውን፣ ማይል የሚባለውን ነጥብ ለአየር መንገዱ መልሶ በምትኩ የሚያገኘው የጉዞ ትኬት ነው። ወደ ጎንደር በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው የሚያርፈው ከከተማው በስተደቡብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዘዞ በኩል በሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የማረፊያው የትኬት መለያ ጂ፣ ዲ እና ኪው የሚባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ናቸው። ከአዲስ አበባ በመኪና 730 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በረራውም አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ይህ አጭር ርቀት ለነጥብ ሰብሳቢው ትልቅ ትርጉም አለው። 420 ኪሎ ሜትር 260 ማይል ገደማ ነው፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለው ርቀት ግን ከ7,000 ማይል ይበልጣል። ስሌቱ በርቀት ብቻ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ከዋሽንግተን የመጣ ሰው የሚያገኘውን ለማግኘት ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ25 ጊዜ በላይ መብረር ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ጎንደር የሚያደርሰው ነጥብ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ሌላ ቦታ ነው፤ ባሕር ማዶ የሚሠራ ልጅ ያጠራቅመዋል፣ እናት ወይም አባት ይጓዙበታል።

አመጣጡ

የነጥብ አሠራር በዓለም ላይ የተስፋፋው አሜሪካን ኤርላይንስ በ1973 ዓ.ም. አድቫንቴጅ የተባለውን የደንበኞች መርሐ ግብር ከጀመረ በኋላ ነው። ዩናይትድ የተባለው ሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ወዲያው ተከተለው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲ ደብሊው ኤ ጋር በመተባበር ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ በሲ 47 አውሮፕላን፣ በአሥመራ በኩል አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ያን ጊዜ ጎንደር ነፃ ከወጣች ገና አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻውን ትልቅ ይዞታ ይዞ የቆየው ጄኔራል ናሲ እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱ ባገገመችው አገር አንድ አፍሪካዊ አየር መንገድ ቆሞ እስከ ዛሬ ክንፉን ሳያጥፍ መዝለቁ፣ ጎንደሬውን ጨምሮ ማንኛውንም ኢትዮጵያዊ በልቡ የሚያኮራ ነገር ነው።

ለማይል ትኬት ወሳኝ የሆነው ቀን ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት አየር መንገዱ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ሆነ። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነጥብ መክፈያው ዋና በር ሼባ ማይልስ የተባለው የራሱ መርሐ ግብር ነበር። ከአባልነቱ ወዲህ ግን የዩናይትድ ወይም የኤር ካናዳ ነጥብ ያለው ሰውም ጎንደርን የጉዞው መጨረሻ አድርጎ ትኬት መያዝ ይችላል።



አሠራሩ

ሼባ ማይልስ ሰማያዊ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲኒየም የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። ሁለት ዓይነት ቆጠራ መኖሩን ብዙ ሰው ያምታታዋል። አንደኛው ለትኬት የሚመነዘር ነጥብ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃን ብቻ የሚያሳድግ ነው። ጎልድ ደረጃ የደረሰ መንገደኛ በኅብረቱ አባላት ሁሉ ዘንድ ተጨማሪ ጓዝ የመያዝና በአውሮፕላን ማረፊያ ልዩ የመቆያ ክፍል የመጠቀም መብት ያገኛል፤ በነጥቡ ትኬት ቢገዛበትም ደረጃው አይቀንስም። በማይል የተያዘ ትኬት ግን ራሱ አዲስ ነጥብ አያስገኝም። በጣም ርካሽ በሆኑ የትኬት ክፍሎች የበረረም ከርቀቱ የሚያገኘው በከፊል ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ምንም አያገኝም።

ማይል የሚሸፍነው የበረራውን ዋጋ ነው፤ ግብርና የማረፊያ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላሉ። አየር መንገዶች ከዚህ ላይ የነዳጅ ጭማሪ የሚጨምሩበት ጊዜም አለ። ማይሌጅ ፕላስ የተባለው የዩናይትድና ኤሮፕላን የተባለው የኤር ካናዳ መርሐ ግብር ይህን ጭማሪ በማይል ትኬት ላይ ስለማይጠይቁ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ትኬት ሲይዙ መጀመሪያ ሊያዩአቸው የሚገቡ ናቸው። በሁለቱም ባለ ነጥቡ ራሱ ባይሳፈር እንኳ ለሌላ ሰው ስም ትኬት ማውጣት ይፈቀድለታል።

የአዲስ አበባ ጎንደርን በረራ በማይል መያዝ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጉዳይ አከራካሪ ነው። አንዳንዶች ለአንድ ሰዓት በረራ ነጥብ ማውጣት ብክነት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቲኬቱ በጥሬ ገንዘብ የሚወደድበት የበዓል ሰሞን ከሆነ ይጠቅማል ባዮች ናቸው፤ ሁለቱም እንደየሁኔታው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን አያጠራጥርም፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው የጎንደሩን በረራ ለብቻው ሳይሆን ከረጅሙ ጉዞ ጋር በአንድ ትኬት ቢይዝ ይሻለዋል። ጓዙ እስከ አዘዞ ይመዘገብለታል፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ተከታዩ ቢያመልጠውም አየር መንገዱ የማሳፈር ኃላፊነት አለበት። ለብቻው የተገዛ ትኬት ይህ ዋስትና የለውም።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ቤተሰብ ነጥብ የሚባክነው፣ ትኬትም የሚበላሸው በአብዛኛው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የአየር መንገዶች ቅጽ ደግሞ የመጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። የፊደል ለውጡም ሌላ ጣጣ ነው፤ «ቀ» በኬ ወይም በኪው፣ «ጸ» በቲና ኤስ ወይም በሌላ መንገድ ይጻፋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ፓስፖርቱ ላይ በአንድ፣ አባልነቱ ላይ በሌላ አጻጻፍ ይገኛል። ስሙ ካልገጠመ ማይሉ አይመዘገብም፤ በትኬቱ ላይ ከሆነ ደግሞ መሳፈርን ሊከለክል ይችላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ሁልጊዜ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መሙላት። የትውልድ ቀንም እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ነው።

ቀኑን በተመለከተ ከሁሉ የሚያሳስበው ጥምቀት ነው። በከተራ ታቦታት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ለማየት ዓለም ወደ ጎንደር ይጎርፋል፤ በማይል የሚለቀቁት ጥቂት ወንበሮችም ቀድመው ያልቃሉ። ጥር 11 በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይደገማል። ከተራ ጠዋት ለመድረስ አስቦ ጃንዋሪ 18 የያዘ ሰው በእነዚህ ዓመታት አንድ ቀን ይቀድማል፤ ሲመለስ ደግሞ የቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤል ታቦት ሲገባ ሳያይ ይሄዳል። አየር መንገዶች በአብዛኛው ወንበር ለሽያጭ የሚከፍቱት ከበረራው አሥራ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብለው ስለሆነ፣ የጥምቀትን ትኬት መፈለግ መጀመር ያለበት የዘንድሮው በዓል እንዳለፈ በየካቲት ነው።

ሰዓቱም ያሳስታል። ትኬት ላይ 13:20 የተጻፈው ከቀኑ 7:20 ነው፤ 06:30 ደግሞ ከንጋቱ 12:30። ከሁሉ የሚከፋው የሌሊቱ ነው። ጃንዋሪ 21 ቀን 00:30 ላይ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን፣ በእኛ አነጋገር የጃንዋሪ 20 ሌሊት 6:30 ነው። በ21 ማታ ቦሌ የደረሰ መንገደኛ በረራው ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ማይል ሳይመዘገብ ከቀረ ኋላ ላይ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህም የመሳፈሪያ ወረቀቱና የትኬቱ ቁጥር ያስፈልጋሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የትኬት ቁጥር በ071 ይጀምራል። ወረቀቱን ማይሉ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ እስኪረጋገጥ መጣል አይገባም፤ በተለይ ወላጆች አዘዞ እንደወረዱ እንዳይጥሉት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።