«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት…» ፈትፋቹ ማን ነው?

ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ የሒሳብ ያዡ የደረሰኝ ነገር ተነሣ። አንድ ድምፃቸው ጎላ ያለ ጎረቤት ብድግ አሉና «ጎበዝ፣ መሸፋፈኑ ይቅር! ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ያጨበጨበም ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ግን ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ሦስቱ ጣቶቻቸው ከአንጓ በላይ የሉም። ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ፣ ታክመው ሲድኑ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

ተረቱን የማያውቅ ስለሌለ ፍቺውን ልዝለለው። ዛሬ የምንጠራው «ሐቁን እንናገር» ለማለት ነው። ደጋግሜ ሳዳምጠው ግን ስለ ሐቅም ስለ ግልጽነትም የሚለው ነገር የለም። ስለ በርና ስለ ገበታ ነው የሚያወራው። «ገብቶ» ይላል። ተናጋሪው እቤት ውስጥ ተቀምጧል፣ የሚወራበት ሰው ደጅ ቆሟል።

«ይፈተፍታል»ን ደግሞ ከተማ ያደገ ሰው «ይበላል» ብሎ ያልፈዋል። መፈትፈት ከመብላት ይለያል። አያቴ ቤት በየወሩ በ12 የሚካኤል ዝክር ሲወጣ ስምንት ዘጠኝ ሰው አንድ ገበታ ይከባል፤ እጅ ሁሉ ግን አንድ ላይ አይዘረጋም። መጀመሪያ አንድ ጠና ያለ ሰው እጁን ታጥቦ እንጀራውን ይቆራርሳል፣ ወጡን ያወርድበታል፣ በጣቶቹ ጫፍ እያገላበጠ ያርሰዋል። ደረቅ ቢቀር ነውር ነው፣ ቢላቁጥም ነውር ነው። ከዚያ ለእንግዳው ያጎርሳል፣ ከጓዳ በር ላፈጠጥነው ልጆች ያጎርሳል፣ «በሉ እንጂ» የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚጎርስ፣ የቱ ሥጋ ወደ ማን እንደሚገፋ የሚወስነው እሱ ነው። የአያቴ ወንድም ይህን ሲሠሩ ጣታቸው የክራር ተጫዋች ጣት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ የራሴን መላ ምት ልናገር፤ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም፣ ግን አልለቀውም። ተረቱን የወለደው የበሽታ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ የሹመት ፍርሃትም ነው። በሽታውን ብቻ ቢፈሩ ኖሮ «ገብቶ ይበላል» ማለት ይበቃ ነበር። ያስፈራቸው ደጅ የቆመው ሰው የገበታው አዛዥ ሆኖ መገኘቱ ነው። «በማያገባው ገብቶ ይፈተፍታል» የምንለውም ከዚሁ ቤት የወጣ ይመስለኛል፤ በሰው ጉዳይ የሚገባን ሰው በዚህ ቃል ስንወቅስ ስለ ምግብ የሚያስብ ማን አለ?

ቃሉንም እዩት። ቆመጠ ማለት ቆርጦ አሳጠረ ነው፤ ቆመጥ የምንለው አጭር ዱላ ዘመዱ ነው። ስሙ የወጣው ለእጁ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ተረቱ ውስጥ ክፉ ቀልድ ተደብቋል፦ ጣት ያጠረበት ሰው የጣት ሥራ ሊይዝ! የበሽታው ተሕዋስ ደግሞ ጣት አይበላም። ነርቭን ያደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ የጋለ ጀበና ይይዛል፣ ምጣድ ይነካል፣ አይሰማውም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣቱ እያደር ያጥራል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል።

ይህን አያቴ አታውቅም ነበር። በየዝክሩ አንድ ሰው ከአጥሩ ሥር ይቀመጣል፣ ቅሉን እሾህ ላይ ይሰቅላል። ጠላ የማቀርብለት እኔ ነኝ፤ የማንቆርቆሪያዬ አፍ ቅሉን እንዳይነካ ከፍ አድርጌ ማፍሰስ ተምሬያለሁ። ምግቡ በጉሎ ቅጠል ይሰጠዋል። (ለማኙን «የኔ ብጤ» ብሎ የሚጠራ ቤት ነው እንግዲህ፣ ቅጠሉን ግን ለብቻ ይቆርጥለታል።) አንድ ሐምሌ ዶፍ ወረደና አያቴ «ግባ እንጂ፣ ዝናብ ሊመታህ ነው?» አለችው። «እሜቴ፣ እኔ ስገባ ስንቱ ይወጣ!» አላት። እሷም ዝም አለች፣ ገበታ የከበቡትም ዝም አሉ። ሄዶ ጎተራው ሥር ተጠለለ። ያን ዕለት ማንም «ቆማጣ» አላለውም፣ ማለትም አላስፈለገም።

ይህ የገጠር ነገር ብቻ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በስሕተት የተፈጸመ ጋብቻ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይህን በሽታ በስሙ ጠርቶት ነበር። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስሙን አወጣው። ከሕግ የወጣውን እኛ ስብሰባ ላይ እናጨበጭብለታለን።

ግልጽ መናገር የፈለገ ሰው አማርኛ አልነፈገውም። «እቅጩን ንገረን» አለ፣ «አፍርጠን እንናገር» አለ። እሱም ከእብጠት የመጣ ነው፣ ግን የፈረጠው እብጠት ነጠላ ለብሶ አጠገባችሁ አይቀመጥም። «ተረት ነው፣ ምን ታከራለህ» ለሚሉኝም መልስ አለኝ፦ ከተረቱ በፊት እኚያ እናት የመጡት ስለ እድሩ ድንኳን ሊናገሩ ነበር፣ እጃቸውንም ሊያወጡ ሲሉ አይቻለሁ። ከተረቱ በኋላ አላወጡም።

ተረተኛው ጎረቤታችንም ሳቁ ሲበርድ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገረ። የሒሳብ ያዡን ደረሰኝ የጠየቀ የለም፤ ደረሰኙም እስካሁን አልመጣም።