አይብ የማይወድ የትዳር አጋር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ በበዓል ትሪ ላይ ከዶሮ ወጡ ጎን አይብ አይጠፋም። ከጣና በስተምሥራቅ የፎገራ ሜዳ አለ፤ የፎገራ ላም ደግሞ በወተቷ የታወቀች ናት። ከገጠር የመጣ አይብ ገበያው ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ ይሸጣል። ከተማው ውስጥ ሆቴሎቹ ፒዛና ላዛኛ ያቀርባሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የትዳር አጋሩ አይብ የማይወድለት ሰው መካሪ አያጣም። ጎረቤትም፣ አማትም፣ ጓደኛም ይመክራል። ብዙው ምክር ግን ስህተት ነው። አዲስ ተጋቢዎች በዚህ ሲኳረፉ ሳይ ያሳዝነኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚፈታው «ምኑን ነው የማትወደው?» ብሎ መጠየቅ ነውና። በብዛት የምሰማቸውን አባባሎች እየጠቀስኩ መልሳቸውን ልጻፍ።

«አንዱን አይብ ያልወደደ ሁሉንም አይወድም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይሄ ነው። የእኛ አይብና የፒዛ ቺዝ አሠራራቸው በጣም ይለያያል። የእኛው የሚሠራው ወተቱ ረግቶ፣ ተንጦ፣ ቅቤው ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው በዝግታ እሳት ሲሞቅ ይቋጠራል፤ አጓቱ ይጠለላል፤ የቀረው አይብ ነው። ቅባቱ ትንሽ ነው። ለስላሳና ኮምጠጥ ያለ ነው።

የፒዛው ቺዝ ሞዛሬላ ግን ወተቱን በሚያረጋ ኢንዛይም ይረጋና በሙቅ ውሃ ውስጥ እየተሳበ ይታሻል። ለዚህ ነው ሲቀልጥ ክር የሚሠራው። ፓርሜዛን የሚባለው ጠንካራ የጣሊያን ቺዝ ደግሞ ቢያንስ 12 ወር ተቀምጦ ነው የሚበላው። ሹል ሽታውን ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ቡቲሪክ አሲድ ይባላል። ይኸው አሲድ ትውከት ውስጥም አለ። ስለዚህ ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ፓርሜዛን አሽትተው «ትውከት ትውከት ይለኛል» ካሉ አጋነኑ አትበሉ። አፍንጫቸው በትክክል ያለውን ነገር ነው የነገራቸው።

ባለቤቴ ጎመን በአይብ ሲቀርብለት ሳህኑን ጠርጎ ይበላል። ክር የሚስብ ትኩስ ቺዝ ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል። የሚያስጠላው ጣዕሙ አይደለም፣ ጥርስ ላይ መለጠጡ ነው። ተቃራኒው የሆኑ ሰዎችም አሉ፤ ፒዛውን በደስታ በልተው የእኛን አይብ እሩቅ ያስቀምጡታል።

እነሱን ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአይቡ ሆኖ አይገኝም። አንዳንዱን የሚያስጠላው ውስጡ የገባው ጤና አዳም ነው። አንዳንዱን ኮሰረቱ። ሌላውን ደግሞ የጭሱ ሽታ፤ የወተት ዕቃው በወይራ ይታጠናልና ሽታው እስከ አይቡ ይዘልቃል። ለእኛ ያ ሽታ የአያት ቤት ነው። ሳይለምደው ላደገ ሰው ግን ጭስ ነው። ምንም ያልገባበት አይብ ግዙና በትንንሽ ሳህን ለዩት፦ አንዱን ባዶውን፣ አንዱን በሚጥሚጣ፣ አንዱን በጤና አዳም። አንድ ምሳ ላይ መልሱ ይታወቃል። አጓቱንም በደንብ አንጠፍጥፉት። እንጀራው ላይ የሚፈሰው ውሃ ከአይቡ በላይ የሚያስጠላቸው ሰዎች አሉ።

«መሞላቀቅ ነው፤ ሲርበው ይበላዋል»

አይበላውም። በ2016 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሊዮን ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ አጥንተው ነበር። 332 ሰዎችን ሲጠይቁ፣ ሰዎች ከሚጸየፏቸው ምግቦች በብዛት ቀድሞ የተገኘው አይብ ነው። ልብ በሉ፣ አገሩ ፈረንሳይ ነው፤ አይብ የሚከበርበት። ከዚያ አይብ የሚወዱና የሚጸየፉ ሰዎችን ሽታውን እያሸተቱና ምስሉን እያዩ አንጎላቸውን በመሣሪያ ተመለከቱ። በረሃብ ጊዜ ምግብ ሲታይ የሚነቃ አንድ የአንጎል ክፍል አለ። በሚጸየፉት ሰዎች ላይ፣ ርቧቸውም ቢሆን፣ ይህ ክፍል ለአይብ አልነቃም።

ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ምግብ በልቶ በጠና የታመመ ሰው ያንን ምግብ ለዓመታት ሊጠላው ይችላል። ሕመሙን ያመጣው ምግቡ ባይሆንም እንኳ። በልጅነቱ በአንድ በዓል ማግስት ሆዱን የታመመ ሰው ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት አይብ ሲያይ ቢጨንቀው አትፍረዱበት። በመግፋት አይለቅም። እንዲያውም ሰውየው በተገፋ ቁጥር ይብስበታል።

«ወተት ስለማይስማማው ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። በዚያው የሊዮን ጥናት አይብ ከሚጸየፉት ውስጥ የወተት ስኳር አይስማማኝም ያሉት 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። መለየቱ ግን የግድ ነው፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ።

የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ፣ የማይስማማው ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ያስቀምጠዋል። ይህ ሰው ጥሬ ወተት ቢያስቸግረውም ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ጠንካራ ቺዝ ላያስቸግረው ይችላል፤ ላክቶሱ በጊዜ ብዛት ስለሚያልቅ። ንጥር ቅቤም አብዛኛውን ጊዜ አይከብደውም። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው። ቆዳው ሽፍ ሊል፣ ከንፈሩ ሊያብጥ፣ ትንፋሹ ሊያጥረው ይችላል። ለእሱ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ንጥር ቅቤ ውስጥም ጥቂት ፕሮቲን ሊቀር ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጠውም። ሦስተኛው በቀላሉ የማይወድ ሰው ነው። ሆዱም ቆዳውም ምንም አይሆንም፤ ምግቡን አይፈልገውም፣ በቃ። እሱም ቢሆን ሊከበርለት ይገባል።

«ቺዝ ካልወደደ ፒዛው ላይ አይብ አድርጊበት»

አይሆንም። በኮምጣጣነትና በሙቀት የተቋጠረ አይብ ምድጃ ውስጥ አይቀልጥም። ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፣ ጫፉ ይጠቁራል። ቺዝ ለሚጠላ ሰው ፒዛ ስትሠሩ ቺዙን ጭራሹን ተዉት። ኔፕልስ ውስጥ ማሪናራ የሚባለው የታወቀ ፒዛ ከመጀመሪያውም ቺዝ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ነው። የእኛም የጾም ፒዛ ከዚህ አይርቅም።

አይብ ቦታ የሚያገኘው ላዛኛ ውስጥ ነው። ጣሊያኖች በየንብርብሩ መሃል ሪኮታ የሚባል ለስላሳ ቺዝ የሚያደርጉበት አሠራር አላቸው፤ አይባችን በልስላሴው ለሪኮታ ይቀርባል። በደንብ ተንጠፍጥፎ፣ ከአንድ እንቁላልና ከተቀቀለ ቆስጣ ጋር ተለውሶ በጣም ጥሩ ይሆናል። አይብም የማይወድ ከሆነ ቤሻሜል የሚባለው ነጭ ስጎ አለላችሁ፦ 50 ግራም ቅቤ፣ 50 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ ሊትር ወተት። ከላይ በፓርሜዛን ፋንታ በዘይት የተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ ነስንሱበት። በደቡብ ጣሊያን ድሮ ቺዝ መግዛት ያልቻሉ ቤቶች ፓስታቸውን የሚያጣፍጡት በዚህ ነበር። ፓርሜዛን የሚሰጠው ጥልቅ ጣዕም እንዳይጎድል ደግሞ የቲማቲም ስጎውን ረጅም ሰዓት አብስሉት፤ እንጉዳይ ከተገኘም ጨምሩ።

«ያለ አይብ ዶሮ ወጥ ጎደሎ ነው»

አይቡ ትሪው ላይ ሥራ አለው። በርበሬና ሚጥሚጣ የሚያቃጥሉበት ንጥረ ነገር ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ የአይብ ፕሮቲን እሱን ይዞ ያነሳዋል። ውሃ ይህን አያደርግም። ስለዚህ አይቡን ስታነሱ ሥራውን የሚሠራ ሌላ ነገር ማስቀመጥ አለባችሁ። እርጎ የሚበላ ከሆነ ቀዝቃዛ እርጎ ይበቃል፤ ፕሮቲኑ ያው ነው። እርጎም ካልሆነ እልበት ሞክሩ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ የባቄላ ዱቄት እንጂ ወተት የለበትም። በርበሬውን እንደ ወተት ባያነሳም ምላስ ያሳርፋል።

ደግሞም ያለ አይብ ማብሰልን እንደ ትልቅ ችግር ማየት ለእኛ አይመጥንም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ሁዳዴን 55 ቀን ያለ ወተት የሚያልፍ ቤት ከማንም በላይ ይችልበታል። ሽሮው፣ ስልጆው፣ አዚፋው፣ ተልባው አለ። በፍስኩ ቀንም የጣና ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ሲቀርብ አይብ የሚያስታውስ ሰው አላየሁም።

«ሁለት ድስት መጣድ ነው»

አይደለም። አይብ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ጎመኑ አንድ ድስት ውስጥ ይበስላል፤ አይቡ በሌላ ሳህን ይቀርባል፤ የፈለገ ይቀላቅላል። ፒዛውም ግማሹ ያለ ቺዝ ይጋገራል።

«ቀላቅለሽ ስጪው፤ አያውቀውም»

ይሄን ምክር በጣም ነው የምቃወመው። አለርጂ ካለበት አደጋ ነው። ከሌለበትም ያውቀዋል፤ ሽታ የሚጠላ ሰው ሽታውን ከማንም ቀድሞ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ከእጃችሁ የሚወጣውን ምግብ ሁሉ እየገለበጠ ማየት ይጀምራል። ሊሞክር ከፈለገ እያወቀ፣ በራሱ እጅ፣ በትንሹ ይሞክር።

«የአማት ጉርሻ አይመለስም»

እዚህ ላይ እውነት አለ፤ ጉርሻ መመለስ ከባድ ነው። በአይብ የታጀበ ትልቅ ጉርሻ ወደ ባላችሁ አፍ እየመጣ «አይ፣ እሱ እኮ…» ማለት ለሁሉም ያሳፍራል። ስለዚህ ነገሩ ትሪው ሳይቀርብ ማለቅ አለበት። ማስረዳት ያለበት ደግሞ የቤቱ ልጅ እንጂ አዲሱ ሰው አይደለም። እናንተ ለእናታችሁ ቀደም ብላችሁ ደውሉ፦ «እማዬ፣ እሱ አይብ አይስማማውም፤ ዶሮውን ግን እንዴት እንደሚወደው!» በሉ። እናቶች የሚቀየሙት ምግባቸው የተናቀ ሲመስላቸው ነው። ምን እንደሚወድ ከተነገራቸው እሱኑ አብዝተው ያጎርሳሉ። አይቡም በትንሽ ሳህን ከትሪው ጥግ ይቀመጥ፤ ከወጡ ጋር ካልተነካካ ማንም ስለ እሱ አያነሳም።