ካምፑንግ ናጋ፦ በቺዉላን ወንዝ ዳር ያለችው የሱንዳ ገበሬዎች መንደር

ከጋሩት ወደ ታሲክማላያ የሚወስደው አስፋልት ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ጣሪያ ነው። ጣሪያዎቹ ተጠጋግተው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል። ዙሪያቸውን የሩዝ እርከኖች ናቸው፤ ከሥር ቺዉላን ወንዝ ይወርዳል። ካምፑንግ ናጋ ይቺ ናት።

መንደሯ ያለችው በኢንዶኔዥያ፣ በምዕራብ ጃቫ፣ በታሲክማላያ አውራጃ ነው። ከጋሩት 26 ኪሎ ሜትር፣ ከታሲክማላያ ከተማ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኪና የሚደርሰው እላይ እስካለው መቆሚያ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር ደረጃ መውረድ ነው። የደረጃው ቁጥር ብዙ ጊዜ 439 ይባላል፤ ቆጥረው ሌላ ቁጥር የሚናገሩም አሉ። ቤቶቹ ያረፉበት መሬት 1.5 ሄክታር ገደማ ነው። ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ይኖርበታል።

«ናጋ» በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ዘንዶ ማለት ነው። የመንደሯ ስም ግን ከዘንዶ ጋር አይገናኝም። በሱንዳኛ «ና ጋዊር» ማለት «ገደሉ ላይ» ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያ አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ቦታውን ላየ ሰው ይህ አባባል ያሳምናል።

ሱንዳዎች በኢንዶኔዥያ ከጃቫውያን ቀጥሎ ብዙ ቁጥር ያላቸው ሕዝብ ናቸው፤ ወደ 40 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ቋንቋቸው የራሳቸው ነው። እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» በሱንዳኛም ቃሉ እንደ ሰሚው ክብር ይለወጣል። ልዩነቱ ግን በተውላጠ ስም አይቆምም፤ «መብላት» እና «መተኛት» የመሳሰሉ ግሦችም አብረው ይለወጣሉ። ትልቋ ከተማቸው ባንዱንግ ናት። በ1955 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእስያና አፍሪካ ጉባኤ የተካሄደው እዚያ ነው። ኢትዮጵያም ከ29ኙ ተሳታፊ አገሮች አንዷ ነበረች።

ስለ ናጋ የጥንት ዘመን የሚነገረው አጭር ነው። ቀደምት አባታቸው ሰምባህ ዳለም ሲንጋፓራና ይባላሉ፤ መቃብራቸው ከመንደሩ በስተምዕራብ ባለው ቅዱስ ጫካ ውስጥ ነው። በምዕራብ ጃቫ እስልምናን ያስፋፉት ሱናን ጉኑንግ ጃቲ ሃይማኖቱን እንዲያስተምሩ ልከዋቸው ነው የመጡት የሚል ትረካ አለ፤ ሌላ መነሻ የሚሰጡም አሉ።

ታሪኩ እንዲህ ያጠረበት ምክንያት ግን በደንብ ይታወቃል። በ1949 ካርቶሱዊርዮ የሚባል መሪ በምዕራብ ጃቫ የእስላማዊ መንግሥት መመሥረቱን አወጀ። ዳሩል ኢስላም የተባለው ጦሩ ለዓመታት በተራራዎቹ ሲዋጋ ቆየ። የናጋ ሰዎች ከአማፂው ጋር አናብርም አሉ። በ1956 ጦሩ መንደሩን አቃጠለው። ቤቶቹ ነደዱ፤ ከቤቶቹ ጋር የአያቶች ጽሑፎችና ቅርሶች ነደዱ። ነዋሪዎቹ ይህን «ፓረመን ኦቦር» ይሉታል፤ ችቦው ጠፋ ማለት ነው። ካርቶሱዊርዮ በ1962 ተይዞ ተገደለ። ናጋዎች ግን መንደራቸውን እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው አሠራር መልሰው ሠሩት። የተቃጠለው ወረቀቱ ነው፤ የቤት አሠራሩና የእርሻው እውቀት በሰው እጅ ውስጥ ነበር።

ቤቱን እንይ። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ድንጋይ ላይ በተቀመጡ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤቱ ድንጋዩ ላይ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ግንብ አይሰነጠቅም። ጃቫ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥና የእሳተ ገሞራ አገር ናት፤ እዚያው ታሲክማላያ ውስጥ ያለው ጋሉንግጉንግ ተራራ በ1982 ፈንድቶ ለወራት አመድ ሲተፋ ነበር። ግድግዳው ከተፈለጠ ቀርከሃ ይጠላለፍና ኖራ ይቀባል። ጣሪያው «ኢጁክ» በሚባል፣ ከዘንባባ ዓይነት ዛፍ በሚገኝ ጥቁር ቃጫ ይከደናል። በደንብ የተሠራ ኢጁክ አሥርተ ዓመታት ይቆያል።

ሁሉም ቤት ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ይዞራል። የፊት በር ያለው ቤት የጓሮ በር አይኖረውም፤ በፊት የገባ ሲሳይ በኋላ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ የሳሎኑም የማዕድ ቤቱም በር ጎን ለጎን ፊት ላይ ነው። የማዕድ ቤቱ በር ክፍት ክፍት ተደርጎ በቀርከሃ ይጠለፋል፤ ውስጥ እሳት ቢነሳ ጎረቤት ከውጭ እንዲያይ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ የለም፤ እንግዳም ባለቤትም ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። «ጎአህ» የምትባለው ትንሽ ክፍል የሩዝ ማስቀመጫና የሴቶች ክልል ናት። ሀብታም ቢሆኑ እንኳ የተለየ ቤት መሥራት አይቻልም። በእኔ ዓይን የመንደሩ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ጫካው ሁለት ነው። በምዕራብ መቃብሮቹ ያሉበት ቅዱሱ ጫካ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ክልክሉ ጫካ። ከክልክሉ ጫካ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ አይነሳም። «ፓማሊ» ነው ይላሉ፤ በእኛ ቋንቋ እርም ማለት ይቀርበዋል። ሱንዳዎች «ለወንግ ሩክሳክ፣ ቻይ ቤአክ፣ ማኑሳ ባላንግሳክ» የሚል አባባል አላቸው፤ ጫካ ሲጠፋ ውሃ ያልቃል፣ ሰውም ይጎሳቆላል ነው። ወንዙ ከቺኩራይ ተራራ ተነስቶ ሲመጣ ያ ጫካ ዳገቱን ይይዝለታል። መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ ከአጥሩ ውጭ፣ የዓሣ ኩሬዎቹ ላይ ነው። ሩዝ መውቀጫውም እዚያው ነው። ፉርሽካው ለዓሣው ይሆናል፤ ዓሣው ተመልሶ ለገበታ ይመጣል።

ስለ ሩዙ ብዙ መባል አለበት። ሱንዳዎች ጥንት ጫካ መንጥረው በደረቅ መሬት ላይ የሚዘሩ ገበሬዎች ነበሩ። ውሃ የተኛበት የእርከን እርሻ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማታራም ከተባለው የጃቫውያን መንግሥት ጋር ከምሥራቅ እንደተስፋፋ ይነገራል። ናጋዎች የሚዘሩት በዋናነት «ፓሬ አገንግ» የሚሉትን ረጅም አገዳ ያለውን የአገር ዘር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይዘራሉ፤ በጥርና በሐምሌ አካባቢ። ችግኙ በመደብ ላይ ይበቅላል፣ ከዚያ እየተነቀለ አንድ በአንድ ጭቃው ውስጥ ይተከላል። ሲደርስ ራስ ራሱ በመዳፍ ውስጥ በምትያዝ ትንሽ ስለት ይቆረጣል። ነዶው ይታሰርና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ «ለዊት» ማለትም ወደ ጎተራ ይገባል።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ቶሎ የሚደርሱ አዳዲስ ዘሮችን በመላ ጃቫ አስፋፋ። ኢንዶኔዥያ በ1984 በሩዝ ራሷን ቻለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ዘር ሲዘራና መድኃኒት ሲረጭ ቡናማው የሩዝ ነፍሳት እየተባዛ ሰብሉን ፈጀ። በ1986 መንግሥት ራሱ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ ለሩዝ እንዳይረጭ ከለከለ። ማሳውን በመሐል ማሳረፍ የነፍሳቱን ዑደት ይቆርጣል። ናጋዎች ይህን ሲያደርጉ የቆዩት «የአያቶች ሥርዓት ነው» ብለው ነው።

የዚህ ደጋ አገር ስም ፕሪያንጋን ነው። ኔዘርላንዶች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ገበሬውን ቡና እንዲተክል አስገደዱት። ግዴታው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘለቀ። «የጃቫ ቡና» የሚባለው ከዚያ ነው፤ ዘሩ ግን ከእኛ ጫካ ወጥቶ በየመንና በህንድ በኩል የሄደ ነው።

መንደሩን በልማድ የሚመሩት ሦስት ናቸው። «ኩንቸን» የሥርዓቱ ጠባቂ ነው፣ «ፑንዱህ» የሕዝቡን የዕለት ሥራ ያስተባብራል፣ «ለቤ» የሃይማኖቱንና የቀብሩን ጉዳይ ይዟል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ስለ አያቶች ታሪክ ማውራት እርም ነው። በእስልምና አቆጣጠር በዓመት ስድስት ጊዜ «ሐጃት ሳሲህ» ይከበራል። ወንዶቹ በቺዉላን ይታጠባሉ፣ ነጭ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ መጥረጊያ ይዘው መቃብሩን ሊያጸዱ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ሩዙን እንደ ሾጣጣ ተራራ ያቆሙታል፤ ይህ «ቱምፐንግ» ነው።

መብራት ወደ ቤቶቹ አልገባም። መንግሥት ከልክሏቸው አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። አንድም ኢጁክ ቶሎ ስለሚነድ፣ አንድም ያለውና የሌለው እንዳይለያይ። ማታ በነጭ ጋዝ ፋኖስ ያመሻሉ። ከ2007 ጀምሮ መንግሥት ሕዝቡን ከነጭ ጋዝ ወደ ሲሊንደር ጋዝ ማዞር ሲጀምር ፋኖሱ ውድ ሆነባቸው።

ሕንፃዎቹ 113 ያህል ናቸው፤ መስጊዱ፣ የስብሰባ አዳራሹና ጎተራው ተቆጥረው። መሬቱ ስለማይሰፋ ቁጥሩም አይጨምርም። አዲስ ተጋቢዎች ብዙውን ጊዜ ከላይ አስፋልቱ አካባቢ ወይም ከተማ ገብተው ይኖራሉ። እነዚህን «ሳናጋ» ይሏቸዋል፤ ከናጋ ዘር የሆኑ እንደማለት። የሐጃት ሳሲህ ቀን ሲደርስ ልጆቻቸውን ይዘው ያንኑ ደረጃ ይወርዱታል።