ከመጋረጃው ወዲህ፦ ሙዚቃዊ ቲያትርን ከተመልካቹ የማገናኘት ሙያ

ሙዚቃዊ ቲያትር ሲባል ሰው ዓይኑ የሚሄደው ዘፋኙ፣ ዳንሰኛውና ኦርኬስትራው ላይ ነው። ወንበሩን የሞላውን ሕዝብ ማን እንደጠራው የሚጠይቅ ብዙም የለም። ይህ ዳሰሳ ስለ ጠሪዎቹ ነው። ትርኢቱ በጋዜጣ እንዲወራለት የሚያደርጉ የፕሬስ ወኪሎች፣ ማስታወቂያ ሠሪዎች፣ የቡድን ትኬት ሻጮች፣ የትምህርት ፕሮግራም አዘጋጆች፣ ስለ ቲያትር በማውራት ብቻ የሚተዳደሩ ሰዎችም ሳይቀሩ እዚህ ውስጥ አሉ። ሙያው በዋናነት ያደገው በሁለቱ ትልልቅ የቲያትር ሰፈሮች፣ በኒውዮርኩ ብሮድዌይና በለንደኑ ዌስት ኤንድ ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው ጭንቀት ከአንድ ነገር ይመነጫል። ያልተሸጠ ወንበር ለነገ አያድርም። ጫማ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል፤ የማክሰኞ ማታ ወንበር ግን መጋረጃው ሲከፈት ባዶ ከሆነ አለቀ። አንድ የብሮድዌይ ትርኢት ብዙውን ጊዜ በሳምንት 8 ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በሳምንት 8 ጊዜ ያው ጭንቀት ይመላለሳል። ገቢው ደግሞ ሳምንት በሳምንት በይፋ ስለሚወጣ ውድቀትን መደበቅ አይቻልም።

የፕሮዲዩሰሮችና የቲያትር ቤት ባለቤቶች ማኅበር የሆነው ብሮድዌይ ሊግ ስለ ተመልካቹ ጥናት ያወጣል። ከኮሮና በፊት በነበረው የመጨረሻው ሙሉ የትርኢት ዘመን፣ በ2018–19፣ ብሮድዌይ ወደ 14.8 ሚሊዮን ጊዜ ተመልካች አስተናግዷል። ገቢውም 1.83 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ከተመልካቹ 68 በመቶው ሴቶች ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜ 42 ገደማ። ሰዎች ትርኢት የሚመርጡት በምን እንደሆነ ሲጠየቁ ደግሞ በተደጋጋሚ ቀዳሚ የሚሆነው መልስ «ሰው ነገረኝ» ነው። ማስታወቂያውም፣ የጋዜጣ ሒሱም ከዚያ ኋላ ነው የሚመጡት። እንግዲህ ሙያው በአጭሩ ወሬ የማስጀመር ሙያ ነው።

መጀመሪያዎቹ ዓመታት በጥቂት መስመር ያልፋሉ። ፕሌይቢል የሚባለው በነፃ የሚታደል የትርኢት መጽሔት በ1884 ኒውዮርክ ውስጥ ተጀመረ። የፕሬስ ወኪሎችና የቲያትር ሥራ አስኪያጆች የሠራተኛ ማኅበር በ1928 ተቋቋመ። በ1943 ዴካ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ «ኦክላሆማ!» የተባለውን ሙዚቃዊ ቲያትር ዘፈኖች ከነዋናዎቹ ተዋንያንና ኦርኬስትራ ቀርጾ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ኒውዮርክን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ትርኢቱን በጆሮው መከታተል ቻለ። አልበሙ ራሱ ጥሪ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዴቪድ ሜሪክ ነው። እሱ ላይ ቆም ማለት ግድ ነው፤ ከእሱ የበለጠ ጉድ የሠራ የለምና። ሜሪክ ፕሮዲዩሰር ነበር። በ1961 መጨረሻ «ሰብዌይስ አር ፎር ስሊፒንግ» የተባለ ሙዚቃዊ ቲያትር ከፈተ። ሒሱ አልቀናውም። በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ዕለታዊ ጋዜጦች ላይ የሚጽፉ ሰባት ትልልቅ ሐያስያን ነበሩ። ሜሪክና ሰዎቹ የስልክ ማውጫ ገልጠው ስማቸው ከሰባቱ ሐያስያን ጋር አንድ የሆነ ሰባት ተራ ሰዎች ፈለጉ። ትርኢቱን ጋበዟቸው፣ እራት አበሏቸው። ከዚያ በእነዚህ ሰዎች ስም የውዳሴ ቃል አዘጋጅተው፣ እነሱኑ አስፈቅደው ከነፎቷቸው ትልቅ ማስታወቂያ ሠሩ። ሰባቱም በአንድ ድምፅ ትርኢቱን ወደዱት የሚል!

ማስታወቂያው ተነቃበት። ከሰባቱ አንዱ ጥቁር ነበር፣ ስሙን የሚጋራው ሐያሲ ደግሞ ነጭ። ፎቶው አጋለጠው። ሆኖም ጥር 4 ቀን 1962 በሄራልድ ትሪቢዩን የመጀመሪያ እትም ላይ አንዴ ወጥቶ ነበር። አንዴ መውጣቱ በቂ ሆነ። ወሬው ከማስታወቂያው ራቅ ብሎ ሄደ። ትርኢቱ 205 ጊዜ ታየ፤ በዚያ ሒስ ያን ያህል መቆየቱ ቀላል አይደለም። ሜሪክ ሐሳቡን ከዓመታት በፊት ይዞት ነበር። ግን የኒውዮርክ ታይምሱ ብሩክስ አትኪንሰን ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረበት፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው አልተገኘማ። ዛሬ ይህን የሚሠራ ሰው ጠበቃ ያስፈልገዋል። ቢሆንም በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ታሪኩን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ሳቅ ይነበባል።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ በቴሌቪዥን መጣ። በ1972 ቦብ ፎሲ ያዘጋጀው «ፒፒን» ተከፈተ። በኋላም የአንድ ደቂቃ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተሠራለት። የትርኢቱ ተዋናይ ቤን ቬሪን ከሁለት ዳንሰኞች ጋር ይደንሳል፤ ሌላ ምንም የለም። መጨረሻ ላይ ድምፅ ይመጣና ቀሪውን 119 ደቂቃ ኢምፔሪያል ቲያትር መጥታችሁ እዩት፣ ያለ ማስታወቂያ መቋረጥ፣ ይላል። ከብሮድዌይ ትርኢት እውነተኛ ትዕይንት ያሳየ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ይህ ነው ይባላል። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ሁልጊዜ አከራካሪ ነው፤ መንገዱን የቀየረው ይኸኛው መሆኑ ግን አያከራክርም። «ፒፒን» እስከ 1977 ድረስ 1,944 ጊዜ ታየ።

በ1973 ደግሞ ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉም በላይ የሚከበረው ነገር መጣ። ቲኬቲኤስ ይባላል፤ የዕለቱን ትኬት እስከ ግማሽ በሚደርስ ቅናሽ የሚሸጥ ዳስ ነው። ያቋቋመው በ1968 የተመሠረተው ቲያትር ዴቨሎፕመንት ፈንድ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሰኔ 25 ቀን 1973 በታይምስ ስኩዌር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በደፊ ስኩዌር፣ በአንዲት ተጎታች ቤት ሥራ ጀመረ። ለንደንም በ1980 ሌስተር ስኩዌር ላይ የራሷን ከፈተች። አሁን በኒውዮርኩ ዳስ ጣሪያ ላይ ያለው ቀይ የመስታወት ደረጃ በ2008 የተሠራ ነው። ቱሪስቱ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ታች ሰልፉ ላይ ነው ያለው። ተሰላፊው ገና ምን እንደሚያይ አልወሰነም። የዳሱ ሠራተኞች በሰልፉ መካከል እየተዘዋወሩ ያወሩታል። ልጆች ይዛችኋል? ሳቅ ትፈልጋላችሁ ወይስ ለቅሶ? ባለፈው ምን አይታችሁ ወደዳችሁ? ይህን ሥራ ማንም ማሽን እንደነሱ አይሠራውም።

1980ዎቹ የፖስተር ዘመን ናቸው። የ«ካትስ» ፖስተር በጥቁር መደብ ላይ ሁለት ቢጫ ዓይኖች ብቻ ነበሩ፤ ብሌናቸው ውስጥ ዳንሰኞች። የትም አገር ቢሰቀል ትርጉም አይፈልግም። «ሌ ሚዜራብል» በ1985 ለንደን ሲከፈት ሐያስያኑ አብጠለጠሉት። ፕሮዲዩሰሩ ካሜሮን ማኪንቶሽ እንደሚያወራው፣ በማግስቱ ትኬት መሸጫው ቢደውል ስልኩ ፋታ አጥቶ ነበር። ሰዉ ትኬት ሊገዛ መስመሩን ይዞት ነበር።

ከዚያ «ሬንት» መጣ። በ1996 ብሮድዌይ ሲገባ የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች፣ 34 ወንበሮች፣ ለዕለቱ ተሰላፊ በ20 ዶላር ይሸጡ ጀመር። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለው ምርጥ ቦታ ለድሃ ወጣት ተሰጠ ማለት ነው። ትርኢቱ ስለ ቤት ኪራይ መክፈል ስላቃታቸው ወጣቶች ስለሆነ ነገሩ ከልብ ነበር፤ ብልጠትም ነበረበት። ያ ወጣት ጓደኞቹን ይዞ ይመለሳላ። ወጣቶቹ መንገድ ላይ ማደር ሲጀምሩ በ1997 ሰልፉ በዕጣ ተተካ። የዛሬው የብሮድዌይ ትኬት ሎተሪ ሁሉ አባቱ ይህ ነው።

ከ«ሬንት» ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ጄፍሪ ሴለር ከዓመታት በኋላ «ሃሚልተን»ን ይዞ መጣ። በ2015 ሪቻርድ ሮጀርስ ቲያትር ሲገባ የዕጣው ትኬት 10 ዶላር ሆነ፤ ትርኢቱ የሚተርክለት የአሜሪካ ባለሥልጣን የአሌግዛንደር ሃሚልተን ምስል ያለው በ10 ዶላር ኖት ላይ ነውና። ዕጣው በሚወጣበት ሰዓት የትርኢቱ ደራሲና መሪ ተዋናይ ሊን ማኑዌል ሚራንዳና ባልደረቦቹ ደጃፉ ላይ ወጥተው አጭር ትርኢት ያሳዩ ነበር። ዕጣው ያልወጣለት ሰው እንኳ የሆነ ነገር አይቶ፣ በስልኩ ቀርጾ ይሄዳል። በ2016 መጀመሪያ ዕጣው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር በመጀመሪያው ቀን ከ50,000 በላይ ሰው ገባና ገጹ ወደቀ።

በዚያው ዓመት የተጀመረው የትምህርት ፕሮግራም ግን ከዕጣውም ይበልጣል። በሮክፌለር ፋውንዴሽንና በጊልደር ሌርማን የታሪክ ተቋም ድጋፍ 20,000 የኒውዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ10 ዶላር እንዲያዩ ታቀደ። ተማሪዎቹ ቀድመው ታሪኩን ያጠናሉ፤ ራፕ ወይም ግጥም ወይም ትዕይንት ይጽፋሉ። ጠዋት ጥቂቶቹ በዚያው መድረክ ላይ የራሳቸውን ሥራ ያቀርባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተዋንያኑን ቁጭ ብለው ያያሉ። በ2011 ደግሞ ቲያትር ዴቨሎፕመንት ፈንድ ኦቲዝም ላለባቸው ተመልካቾች የ«ላየን ኪንግ»ን ልዩ ዝግጅት አሰናዳ። ድምፁ ዝቅ አለ፣ ኃይለኛው መብራት ቀነሰ፣ ለደከመው ልጅ ማረፊያ ጥግ ተዘጋጀ። ልጃቸው ይጮህብናል ብለው ቲያትር ቤት ደርሰው ለማያውቁ ቤተሰቦች ይህ በር መክፈት ነው።

አንዳንዴ ወሬው ከባለሙያው ይቀድማል። «ቢ ሞር ቺል» በ2015 ኒው ጀርሲ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ታይቶ ተዘጋ። አልበሙ ግን ታዳጊዎች ስልክ ውስጥ ገብቶ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተደመጠ። ያለቀለት የተባለው ትርኢት በ2019 ብሮድዌይ ገባ። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ብቻ ነው የቆየው፤ በስልክ የሚያዳምጥ ሁሉ ትኬት አይገዛም።

ወደ ሙያው የሚያስገባ አንድ በር የለም። ሴዝ ሩዴትስኪ በብሮድዌይ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ፒያኖ ይጫወት ነበር። ከዚያ አንድ ዘፋኝ አንድን ኖታ ለምን እንዲያ እንደያዘችው እየቆራረጠ ለሰው ማስረዳት ጀመረ፤ የሬዲዮ አቅራቢም ሆነ። መጋቢት 12 ቀን 2020 ቲያትር ቤቶች ሲዘጉ ከባለቤቱ ከጄምስ ዌስሊ ጋር በቀናት ውስጥ ከቤት የሚተላለፍ ፕሮግራም ከፍቶ ለተዋንያን መርጃ ገንዘብ ሰበሰበ። ድሩ ሆጅስ ደግሞ የግራፊክ ዲዛይነር ነበር። የ«ሬንት»ን ማስታወቂያ ሠራና በ1997 ስፖትኮ የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት አቋቋመ።

አብዛኛው ሰው ግን የሚጀምረው ከታች ነው። በተለማማጅነት ገብቶ ለፕሌይቢል መጽሔት የተዋንያንን አጭር የሕይወት ታሪክ ይለቅማል። ተዋናዩ በሰዓቱ አይልክም፤ አምስቴ መደወል ነው። ከዚያ የሐያስያንን ወንበር ይደለድላል። ለእያንዳንዱ ሁለት ትኬት፣ መተላለፊያው ዳር። ዱሮ ሐያስያኑ ትርኢቱ እንዳለቀ ሮጠው ወጥተው ለማግስቱ ጠዋት ጋዜጣ ይጽፉ ስለነበር ነው። አሁን ብዙዎቹ ከመክፈቻው ቀናት ቀድመው ገብተው ያያሉ፤ የሚሮጥ የለም። ወንበሩ ግን አሁንም ዳር ነው።