የመተማና የቋራ ቆላ ደን፦ የመሬት አጠቃቀም፣ የዕፅዋት ስብጥርና የአፈር ሁኔታ

ከጎንደር በስተምዕራብ እስከ ሱዳን ድንበር የሚዘልቀው የመተማና የቋራ ቆላ፣ በበጋ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች የሚበዙበት ደረቅ ደን ነው። ከሁሉም ስመ ጥሩው ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው የዕጣን ዛፍ ነው። ዕጣን በአክሱም ዘመን ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬም በየአጥቢያው ጽና ውስጥ ይጤሳል።

የዕጣን ዛፍ አፈሩ ስስ የሆነ ድንጋያማ ተዳፋት ይስማማዋል። በሜዳው ግን በክረምት እግር የሚይዘውና በበጋ የሚሰነጠቀው ጥልቅ ዋልካ ስላለ፣ ግራርና በደኖ የተባለው እሾሃማ ዛፍ የበቀሉበት ይህ መሬት ቀድሞ ተመንጥሮ ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ ዋለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራምም ለምንጠራው የራሱን ድርሻ ሳያበረክት እንዳልቀረ ይነገራል። የአገር የውጭ ምንዛሪ አለኝታ የሆነው ሰሊጥ በአፈር በኩል ዕዳ አለው፤ ተደጋግሞ ሲታረም መሬቱ ኃይለኛውን ዝናብ ራቁቱን ይቀበላል፣ አጨዳው አልቆ ነዶው እንዲደርቅ በሂላ (በክምር) ከቆመ በኋላም ማሳው ላይ የሚቀረው ገለባ ጥቂት ነው። በደኑ ውስጥ በየዓመቱ እየረገፈ አፈሩን የሚመግበው ቅጠል በማሳው ላይ ምትክ ስለሌለው፣ ያለ ማዳበሪያና ያለ ሰብል ፈረቃ ሲታረስ የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጅን ይመናመናል።

ብዙ የተጠናው የዕጣን ምርት ነው። ቆራጩ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ የግንዱን ቅርፊት በስለት ስስ አድርጎ ይልጣል፤ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ወጥቶ ሲደርቅ ይለቅመዋል፣ ቁስሉንም እያሰፋ እስከ ክረምት መግቢያ ይመላለሳል። ያለ ዕረፍት የሚቆረጥ ዛፍ ለፍሬ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል። በኤርትራ በተደረገ ጥናት ካልተቆረጡ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ አብዝተው ከተቆረጡት የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመና 23 የዕጣን ዛፍ ደኖችን ያነጻጸረ ጥናት ደግሞ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፍ አለመኖሩን አሳይቶ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በቆራጩ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ወጣት ዛፍ ባልተቆረጡ ደኖችም ጠፍቷልና። በክረምት ከደምቢያና ከጭልጋ ደጋ የሚወርደው ከብት ችግኙን ይግጣል፣ ይረግጣል። ከዚያ የተረፈው ቁመቱ ከሣሩ ሳይበልጥ በጋ ይገባል፤ ሣሩ ደርቆ እሳት ሲለቀቅበት አብሮ ይነዳል።

በ2006 እ.ኤ.አ. በቋራ የተከለለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም ከእሳቱና ከግጦሹ ነፃ አይደለም።